የጣሪያ ተከራዮች

አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ብሎ የሰው ጣሪያ የሚያይ ሰው አይታመንም። ቆርቆሮ የሚያድስ ከሆነ መሰላል ይዟል፤ የመብራት ሠራተኛ ከሆነ ቆብና ቀበቶ አለው፤ ሌባ ከሆነ ደግሞ በቀን አይመጣም። በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ መሰላልና ያለ ቆብ፣ ትልቅ ሌንስ የተገጠመበት ካሜራ ይዞ የአሮጌ ቤት ጠርዝ ላይ የሚያፈጥ ሰው ግን ከየትኛው ወገን ይቆጠር? የድሮ ቤቶችንና ቤቶቹ ላይ የሚኖሩትን ወፎች ፎቶ ማንሳት ልማድ ካደረግሁ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሰፈሩ ይከተለኛል። አንዳንዴ ከጥያቄው ይልቅ ጠያቂዎቹ ናቸው የሚከተሉኝ።

ጠያቂው ብዙ ዓይነት ነው። ሕፃናት "እኔን አንሳኝ" ብለው፣ ተነሥተው፣ ራሳቸውን በስክሪኑ አይተው፣ ስቀው ይሄዳሉ፤ ከነሱ ጋር ሂሳባችን ንጹሕ ነው። ደላላ ግን አይጠይቅም። አጠገብህ ይቆምና አንተ የምታየውን አብሮህ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ወራሾቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ስልካቸው እኔ ጋ አለ" ይላል። ወፍ ነው የማነሳው ስትለው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ብዙ ገዢ አይቷል፤ ፍላጎቱን በወፍ የሚሸፍን ግን ገና አሁን ገጠመው። ደንብ ልብስ የለበሰውን ጠያቂ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ እሱም እኔን በአጭሩ ቢያልፈኝ ደስ ባለኝ።

ከሁሉም የሚከብዱኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት የሚልጡ እናቶች ናቸው። "ልጄ፣ ሊፈርስ ነው እንዴ?" ይላሉ፣ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ሰፈሮች ከተነሡ ወዲህ ቤት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ትርጉሙ ተለውጧል። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ሰው ዛሬ እዚያ ሄዶ የእናቱ ቤት የት ጋ እንደነበር በጣቱ አየር ላይ ሲፈልግ አይቻለሁ። ስለዚህ ካሜራ ያየች እናት መጀመሪያ ትዝ የሚላት በሯ ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፍ ቁጥር ቢሆን አይፈረድባትም። ጋዜጠኛ ነኝ ብትል ታስደነግጣለህ፤ የቅርስ አጥኚ ነኝ ብትል የባሰ ታስደነግጣለህ፤ እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው ብትል ማንም አያምንህም።

በመጨረሻ የምሰጠው መልስ እውነትም ነው፣ መድኃኒትም ነው። "ቤቱን አይደለም እማማ፣ ወፏን ነው" እላለሁ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ እፎይታ ይመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐዘኔታ ነው።

"ተማሪ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ሥራ የለህም?"

"አለኝ፣ እማማ።"

"ታዲያ?"

ለዚህች "ታዲያ" እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። አንዷ እናት ግን ራሳቸው መልስ አገኙላት። "እግዚአብሔር ይማርህ" ብለውኝ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

የሚገርመው ቤቱና ወፏ በሰፈር ሰው ፊት እየተጋገዙ በካሜራ ፊት ግን መጣላታቸው ነው። ቤት ሰፊ ሌንስ ይወዳል። ታጋሽ ነው፤ መቶ ዓመት ቆሟል፣ ባትሪ እስክትቀይር አይሄድብህም። ከሥሩ ቆመህ ወደ ላይ ካነሳኸው ግን ግድግዳው ወደ ኋላ የተንጋለለ ይመስላልና ራቅ ትላለህ፤ ራቅ ስትል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሳተላይት ዲሽ፣ የታጠበ አንሶላና አንድ የቆመ ሚኒባስ አብረው ይገባሉ። ወፍ ደግሞ ቢያንስ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ትፈልጋለች፤ ፍጥነቱም የሰኮንድ አንድ ሺሕኛ ካልሆነ ከክንፏ የሚተርፍህ ጭጋግ ነው። ለቤቱ ካደላህ ወፏ ሌንሱ ላይ ያረፈች ጉድፍ ትመስላለች። ለወፏ ካደላህ የራስ እገሌ ቤት ከጀርባዋ ቡናማ ደመና ሆኖ ይቀራል፤ ራስ እገሌ እንኳ አያውቁትም። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ አትለማመጥም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ሁሉ ይጠቁራል፤ ወፏም የምትኖረው እዚያው ጥቁሩ ውስጥ ነው።

እኔ የምመርጠው ቤቱን ሙሉውን ትቶ ወፏ የያዘችውን ክፍል ብቻ ማንሳት ነው። ወፍ እንዳገኘች የትም አታርፍም። አሸንዳው የትኛው ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው መስኮት ለዓመታት እንዳልተከፈተ፣ ኮርኒሱ በየትኛው ማዕዘን እንደወረደ ታውቃለች። የቤት መሐንዲስ ቀን ሙሉ ለክቶ የሚደርስበትን ድንቢጥ ጭድ ይዛ በአንድ በረራ ታሳይሃለች።

የአዲስ አበባ የድሮ ቤት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱና ነጋዴዎቹ ያሠሯቸውን ቤቶች አርመኖች፣ ሕንዶችና ግሪኮች ከአገሬው አናጺ ጋር ሆነው ነው ያቆሟቸው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ብዙ ጊዜ እንጨትና ጭቃ፣ ፊቱ ሰፊ በረንዳ፣ የጣሪያው ጠርዝ በመጋዝ የተፈለፈለ የእንጨት ጥልፍ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር እንደ ፈረንጆች በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ቤቶች አንድ በአንድ እየዞሩ መዝግበዋቸዋል። ሌላው ሰው መጽሐፉን የሚያገላብጠው የፊት ለፊቱን ውበት ለማየት ነው፤ እኔ የጣሪያውን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ነው የማየው። ምሥጢሩ ያለው እዚያ ነውና። ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ሸንተረር ሥር አንዲት ግማሽ ጨረቃ ቀዳዳ ይተርፋል። አናጺው እንጨቱን ጠልፎ ሲያበቃ ያንን ለመድፈን ጊዜ አላገኘም፣ ወይም ማን ቀና ብሎ ያየዋል ብሎ ተወው። በአንድ ቤት ዙሪያ እንዲህ ያለ በር ስንት እንደሚሆን ቆርቆሮውን ቆጥሮ መገመት ነው።

የቀረውን ደግሞ ታሪክ ሠራው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። አንድ ባለ ሰፊ እልፍኝ ቤት በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ አከራዩ አያድስም፤ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ተከራዩም አያድስም። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ግማሽ ጨረቃዋ ሙሉ ትሆናለች። ድንቢጥ በበኩሏ ትርፍ ቤት ስላልነበራት ምንም አልተወረሰባትም።

ከሰባ ደረጃ ብዙ ሳይርቅ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በረንዳቸው ላይ ወጥቼ እንዳነሳ ፈቅደውልኛል፤ ፈቃዱም የሚጸናው ቡና እስከምጠጣ ድረስ ነው። ከአናታቸው በላይ፣ የጥልፉ እንጨት ከወለቀበት ቦታ፣ ድንቢጦች ይገባሉ ይወጣሉ። ራሷ አመድማ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ክንፏ ላይ ቀላ ያለች፣ የአዲስ አበባ ሰው "ወፍ" ብቻ ብሎ የሚያልፋት ናት። ፈረንጆች ስዌንሰን በሚባል እንግሊዛዊ ተፈጥሮ አጥኚ ስም ነው የሚጠሯት። ስዌንሰን የሞተው እንደ ፈረንጆች በ1855 ነው፤ አዲስ አበባ ገና በሐሳብም አልነበረችም። ድንቢጧ ይህን ሁሉ ሳትሰማ እዚህ ቤት ልጆች ታሳድጋለች።

እማማ ስለ ድንቢጦቹ የሚያቀርቡት አቤቱታ ረጅም ነው። "ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይጀምራሉ፤ ካህን ሳይነሣ እነሱ ይነሣሉ። በረንዳዬን ያቆሽሻሉ። ያሰጣሁትን ጤፍ ይለቅማሉ። ባለፈው ደግሞ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ?" አላውቅም ስል አይነግሩኝም፤ ሌላ ክስ ይጀምራሉ። አንድ ቀን የጎጆውን አፍ በረጅም ሌንስ አንስቼ ስክሪኑ ላይ አጎላሁትና አሳየኋቸው። ጭድ አለ፤ የዶሮ ላባ አለ፤ ሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ አለ፤ በመካከሉ አንዲት አረንጓዴ ክር ተጠማዝዛለች። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ካሜራውን ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ይቺ የኔ ናት!"

"ምኗ?"

"ክሯ! የነጠላዬ ጥለት! ያንን ለጥምቀት የለበስኩትን አስጥቼው ጫፉ ተተርትሮ ባገኘው ይቺን ጎረቤት ጠርጥሬ..." እዚህ ላይ ድምፃቸውን ቀነሱ፤ በኮምፔንሳቶው ማዶ ጎረቤቲቱ አለች። ለስንት ጊዜ እንዳኮረፏት አልጠየቅሁም። እርቁ በወፍ ምስክርነት እንደተፈጸመ ግን በኋላ ሰምቻለሁ።

ልጃቸው ቀዳዳውን በስፖንጅና በሚስማር እዘጋዋለሁ ብሎ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። እናቱ አይፈቅዱለትም። በጋ ሲሆን "ጫጩት አለ፣ ግፍ ነው" ይላሉ። ክረምት ሲሆን "በዚህ ዝናብ ወዴት ይሂዱ?" ይላሉ። በዚያው ክረምት፣ በዚያችው ቀዳዳ ውኃው ቁልቁል ይመጣል፤ ከሥሩ ሰፊ ሳፋ ተደቅኗል። ልጅየው ሳፋውን ሲደፋ ቀና ብሎ የሚያጉተመትመውን እዚህ አልጽፈውም።

ድንቢጥ ቤትን እንደ ቤት ነው የምታየው። ርግብ ግን የሰው ግንብ ሁሉ ለሷ ገደል ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኝ፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላት አንዲት ርግብ አለች። ትክክለኛ አድራሻዋ የገደል አፍ ነው፤ በቀን ለምግብ ወደ እርሻ ትወጣለች፣ ማታ ወደ ገደሏ ትመለሳለች። ሰው ድንጋይ ደርድሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ንጉሥ ግንብ ሲያቆም፣ እሷ ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደግ ሰዎች ተነሥተው ሜዳ ላይ ገደል ሠሩላት። የሚለቀም ደግሞ ደጁ ላይ አለ።

ይህን በደንብ ለማየት ጎንደር መሄድ ነው። የፋሲል ግቢ እንደ ፈረንጆች በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለነገሥታቱ ግንቦች ነው፤ ወፎቹ በመዝገቡ ላይ ስማቸው ባይኖርም ንብረቱን ይዘውታል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ መንቁሩ ነጭ የሆነ ወፍ አለ፤ እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። ቁጭ ሲል ተራ ጥቁር ወፍ ነው፤ ሲነሣ ግን ክንፉ ውስጥ የደበቀው ቀይ ቡናማ ይገለጣል። የሴቷ ራስ ግራጫ ነው። የድሮውን ወለል ተሸክመው የነበሩት እንጨቶች ሲጠፉ በግንቡ ላይ የተዉአቸው ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ወፉ አንዱን መርጦ ይገባል፣ ከአንዱ ወጥቶ ይጮኻል። በተለይ የታላቁ ኢያሱ ግንብ ተመችቷቸዋል። ያ ግንብ በጣሊያን ወረራ መጨረሻ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎበታል። ጣሪያ የለውም፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ደግሞ በወፍ ዓይን እድሳት የተደረገለት ነው።

አስጎብኚው ከፋሲል ጀምሮ ዮሐንስን፣ ኢያሱን፣ ዳዊትን፣ በካፋን በቅደም ተከተል እያነሣ ወደ ምንትዋብ ሲደርስ የኔ ካሜራ አሁንም ቀዳዳው ላይ ነበር። ቅር አለው።

"ጋሼ፣ ወፎቹ እኮ በኋላ የመጡ ናቸው" አለኝ።

"በምን አወቅህ?"

ትንሽ አሰበ። "እሺ፣ ቲኬት ግን አልቆረጡም" አለ። በዚህ ተግባባን።

ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ወፉም ፎቶ አንሺውም አደብ መግዛት አለበት። ብዙ ጉልላታችን ላይ የሰጎን እንቁላል መስቀሉን ከብቦ ታያለህ። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አታነሣም ይባላልና ምእመኑም ልቡን ከፈጣሪው እንዳያነሣ ማስታወሻ ነው ይላሉ አባቶች። እኔ ጉልላት ባነሳሁ ቁጥር የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ከአገሩ ወፍ ሁሉ መብረር የማትችለው ሰጎን እንቁላሏ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። መብረር የሚችሉት ዙሪያውን ይሻማሉ።

ከሚሻሙት ሁሉ ጉልበተኛው ቁራ ነው፤ ያ መንቁሩ መጥረቢያ የሚያህለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ የኛ ደጋ ቁራ። ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በዓለም ካሉት የቁራ ወገኖች ከትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ ደግሞ አይገኝም። ጉልላት ላይ ሲቀመጥ አጎንብሶ ከጉሮሮው የሚያወጣው ድምፅ ቅዳሴ ያልገባው ሰው ድምፅ ነው። እንጦጦ አካባቢ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ይህን ቁራ እያነሳሁ አንድ አዛውንት መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

"ይህን ሁሉ ወፍ ትተህ እሱን?" አሉኝ።

"የኛና የጎረቤቶቻችን ብቻ ስለሆነ ነው አባ። ከዚህ አካባቢ ውጭ የለም።"

"ቢኖርም ባይኖርም አትመነው ልጄ። ኖኅ የላከው እስካሁን አልተመለሰም።"

እኔ ቁራን ባላምነውም ብርሃን ሲሰጠኝ እቀበላለሁ። ጥቁር ላባው ላይ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍ ሐምራዊ ይወጣዋል፤ መጋለጫውን ለነጩ ማጅራት ካስተካከልክ ግን ሐምራዊው ይጠፋል፣ ለጥቁሩ ካስተካከልክ ነጩ ይቃጠላል። አባ ልክ ናቸው፤ በካሜራም አይታመንም።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሥራ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን የሚያህል የለም። ሰማዩ ታጥቧል፤ የአሮጌ ቤት አሸንዳ ውስጥ ሣር በቅሏል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹት ጭራ ነቅናቂዎች ደርሰው በረንዳ ላይ ይሮጣሉ። ያኔ ነው "የመስቀል ወፍ አየህ?" የሚባለው። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ በሷ ይታማል፤ ሐሜቱ ግን ለወፏ ግፍ ነው። በዚያ ሰሞን በቀይ፣ በቢጫና በሚያብረቀርቅ ጥቁር የምናያቸው ወፎች ብዙዎቹ ከየትም አልመጡም። ወንዶቹ በክረምት ለሠርግ ይለብሳሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያወልቁትና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ዓመቱን ሙሉ ከአጥራችን ሥር ጥሬ ይለቅማሉ። ያልጠፋውን ወፍ የጠፋ ያደረግነው በልብሱ ብቻ ስለምናውቀው ነው። በሰውም እናደርገዋለን፤ ግን ያ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

አዲሱን ሕንፃ ልወቅሰው ፈልጌ ነበር። መስታወትና አልሙኒየም ነው፤ ቀዳዳ የለው፣ ጥልፍ የለው፤ የሰማይን ምስል ፊቱ ላይ ለጥፎ ወፍ ያታልላል፤ ተጋጭታ የወደቀችውን ጥበቃው ጠዋት በመጥረጊያ ያነሣል። ይህ እውነት ነው። ግን ኮንዶሚኒየም ልነቅፍ ቀና ስል ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ሥር ትንንሽ ጥቁር፣ ወገባቸው ነጭ ወፎች ላባና ሣር በምራቃቸው እየለጠፉ መንደር መሥርተው አገኘሁ። እግራቸው ለመንጠልጠል እንጂ ለመቆም ስላልተፈጠረ ሽቦ ላይ አያርፉም፤ ቀን ሙሉ አየር ላይ ናቸው፤ ዕጣ ሳይወጣላቸው፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳይቆጥቡ ገብተዋል። ጋጋኖ ደግሞ፣ ያ ጠዋትና ማታ በቡድን እየጮኸ በከተማው ላይ የሚያልፈው፣ ከጉሮሮው ሥጋ የሚንጠለጠልበት ባለ ረጅም መንቁር የደጋ ወፍ፣ አዲሱን የኮሪደር ልማት ሣር ወዶታል። "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" ከሚለው ሰሌዳ አጠገብ ትል ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ። ደንብ አስከባሪው ቆሞ ያየዋል። ምን ይበለው?

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። "ወፏን ነው" የሚለው መልስ የሚሠራው ከአጥር ውጭ ነው። ግቢ ውስጥ አይሠራም። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን እንተወውና፣ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት በረንዳ ያለው የድሮ ቤት በግቢው ውስጥ አለው። ፊቱ ሰፊ ሣር ነው፤ ጋጋኖዎቹ ማለዳ እዚያ ያርፋሉ። ከጀርባቸው የበረንዳው ጥልፍ፣ ከጎናቸው አንድ ያረጀ ጽድ። እንዲህ ያለ ነገር በሕልም ነው የሚታይ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም።

"ቤቱን ማንሳት ክልክል ነው፣ ወንድሜ።"

"ቤቱን አይደለም፣ ወፏን ነው።"

ዞር ብሎ ሣሩን አየ። "ወፏም የግቢው ናት" አለ።

ደብዳቤ ማምጣት ነበረብኝ። አመጣሁ። የቢሮው ጸሐፊ አንብባ መለሰችልኝ። "ወፎችን ፎቶ ለማንሳት" የሚለው ጥቅል ነው፤ የትኛው ወፍ እንደሆነ ተለይቶ መገለጽ አለበት። እውነቷን ነው፤ ወፍ ብዙ ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ "ጋጋኖ" ብዬ ጻፍኩ። ለኃላፊው ጋጋኖ ምን እንደሆነ በስልኬ ፎቶ አሳየኋቸውና "ኦ፣ ይሄ ጯሂው!" ብለው መሩልኝ። ማኅተም ተመታበት፤ ግልባጭ ለጥበቃ ክፍል።

በቀጠሮው ማለዳ ብርሃኑ የሚበላ ነበር። ጋጋኖዎቹ ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ማንም ደብዳቤ በማይጠይቅበት የመንገድ ዳር ሣር ላይ ናቸው። ሌንሴን ተሸክሜ ጽዱ ሥር ስጠብቅ ያ ባለ ነጭ ማጅራት ትልቁ ቁራ መጣና ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ፣ ልክ ከጥልፉ መሐል፣ ቁጭ አለ። ካሜራውን አነሣሁ። ጥበቃው ከኋላዬ ደረሰ፤ ደብዳቤዬን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋና እስከ ግልባጩ ድረስ አነበበው።

"እዚህ ላይ ቁራ የለም" አለኝ።

"አውቃለሁ ጋሼ፤ ግን እሱ ነው የመጣው።"

"አንተ የተፈቀደልህ ጋጋኖ ነው። በሥራዬ እንዳታስጠይቀኝ።" ስልኩን አወጣና ወደ ኃላፊው ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ቁራ እንደመጣ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ፣ ባለ ካሜራውም ሊያነሳው እንደሆነ በሥርዓት አስረዳ። ከወዲያ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ።

"የግቢው ነው?" አሉ ኃላፊው።

"አይደለም ጌታዬ፣ አሁን ነው የገባው።"

"ማን አስገባው ታዲያ?"

ጥበቃው ወደ በሩ አየ፣ ወደ ቁራው አየ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። "በኔ በር አልገባም፣ ጌታዬ!"